«ማነው» ስንባል ዝም ያልንበት በር

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ውሃ ካላችሁኝ የማውቀው ቦርከናን ነው፤ እሱም በበጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ባለቤቴ መሠረት ግን አምና ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ካለው አፓርታማችን ወጥተን ከሂውስተን በታች፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ወዳለች ከተማ እንሂድ ብላ ተነሳች። እሷ ነርስ ናት። እዚያ አዲስ የተከፈተ ሆስፒታል ቀን ቀን ብቻ የምትሠራበት ቦታ ሰጥቷታል። እኔ የኤርፖርት ሾፌር ነኝና መሪ የያዘ ሰው የትም ይሠራል ብላ እኔን ከሂሳብ አውጥታኛለች።

ሄደን አየናት። አዲስ ከተማ ነች፣ በየወሩ የምታድግ። ትናንት ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ አንድ ዓይነት ቤት በሰልፍ ቆሟል። ወደ ባሕሩ ጠጋ ያሉት ቤቶች ማዕበል ሲመጣ ውሃው ከስር እንዲያልፍ በረጃጅም እንጨት ላይ ተሰቅለዋል። ትምህርት ቤቱ ገና ቀለሙ ይሸታል። መሠረት በየክፍሉ እየገባች መስኮት ስትከፍትና ስትዘጋ እኔ ውጭ ቆሜ ሰው ስፈልግ ነበር። መኪና ይመጣል፣ ጋራዡ ይከፈታል፣ መኪናውን ይውጠዋል፣ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ዝር የሚል የለም።

«እዚህ ብሞት ማን ይሰማል?» አልኳት ስንመለስ።

«ስትሞት አንተ ራስህ አትሰማ፣ ምን አስጨነቀህ?» አለችኝ።

ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን ሳቅ አልነበረም። እናቴ ደሴ ውስጥ አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች። አንድ ቀን መርዶዋ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ያ ቀን ሲመጣ ማን ነው የሚያረዳኝ የሚለው ነበር የሚያንገበግበኝ። ዳላስ ውስጥ እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። የሟች ቤተሰብ ከአገር ቤት ለአንዱ ወዳጅ ይደውላል፣ እሱ ለሌላው ይነግራል፣ ሐዘንተኛው ብቻ ምንም ሳይሰማ ሁለትና ሦስት ቀን ይስቃል፣ ይሠራል። ከዚያ ሥራ በሌለው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። ፌስቡክ እንዳይቀድም፣ ብቻውንም እንዳይሰማ። ያቺ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ውስጥ በሬን ማን ያንኳኳል? ዕቃ አድራሹ?

መሠረት ለሆስፒታሉ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት ነበረባት። ለአፓርታማው ኦፊስም የምንለቅ ከሆነ ሰኞ ማሳወቅ አለብን። እኔ እሺም እንቢም ሳልል ሳምንቱ አለቀ፣ በመሃል የተስፋዬ አባት ሞቱ።

ተስፋዬ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ወንድሙ ከአዲስ አበባ የደወለው ለእኔ ነበር። በማግስቱ ተስፋዬ ራሱ ደውሎ ስለ ኳስ ሲያወራኝ እኔ የሰማሁትን ይዤ አብሬው ሳቅኩ። ቅዳሜ ሥራ እንደማይገባ አረጋገጥንና ቅዳሜ ንጋት ላይ ተቃጠርን።

መኪና ውስጥ መሠረት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጥፋ ተቀምጣለች። እኔ እንደተቆጣሁ ስለምታውቅ ረጋ ብላ ነው የጀመረችው።

«ሶ፣ ሰኞ ምን ልበላቸው? ኦፈሩን ልቀበል ወይስ ኮል አድርጌ ልተወው?»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ተስፋዬን እናርዳ» አልኳት። ከዚያ አላስችል ብሎኝ ጨመርኩ። «ግን ይሄን እዪ። ይሄ ሁሉ ሰው ለተስፋዬ ብሎ ከአልጋው ተነስቷል። እዚያ ለእኔ ማን ይነሳል?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እኔም የረታሁ መሰለኝ።

ነዳጅ ማደያ ጋ ተገናኘን። አሥር የምንሆን ሰዎች ነን። የሁላችን አለቃ ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ድሮ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ሥራቸው የሰው ሐዘን ሆኗል። በአካባቢያችን እሳቸው ያላረዱት ሰው ጥቂት ነው። እትዬ ብርቅነሽ ድፎ ዳቦ ታቅፈው መጥተዋል። እኔ ሻይ የሞላ ትልቅ የብረት ፔርሙዝ ይዣለሁ።

ጋሽ ዘውዴ እንደ ሁልጊዜው ደንቡን ነገሩን። መኪና በተስፋዬ መስኮት በኩል አይቆምም፤ የእኛን መኪኖች ካየ ያውቃል። ደረጃ ላይ ወሬ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከውስጥ «ማነው» ቢል በሩ እስኪከፈት ማንም አፉን አይከፍትም። አንዴ አንዲት ሴት በዚህ ሰዓት የእሳቸውን ድምፅ ከበሩ ጀርባ ሰምታ፣ በሩን ሳትከፍት ወደ በረንዳ ሮጣ ራሷን ልትወረውር ምንም አልቀራትም ነበር። «ከፍቶ እኛን ሲያይ እጃችን ላይ ይወድቃል፣ ከበሩ ጀርባ ግን ማን ይይዘዋል?» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ ትክክል ነዋ።

ስለዚህ መኪኖቻችንን ከጀርባ በኩል ፓርክ አደረግን። ይሄ ነው ጉድ ያፈላው። እኔ ተስፋዬ ጋ ስመጣ ሁልጊዜ በፊት በኩል ነው፤ ከሁለቱ ደረጃዎች በግራ ያለውን እወጣለሁ። ከጀርባ ሲመጡ ግን ግራው ቀኝ ይሆናል። ሕንፃው ደግሞ ከፊትም ከኋላም አንድ ነው፤ ያው ቡናማ ጡብ፣ ያው የደረጃ ብረት መደገፊያ፣ ያው በር። በጨለማው ቁጥር የሚያነብ አልነበረም። እኔ ፊት ፊት እየመራሁ በግራው ደረጃ ወጣሁ፣ ሰው ሁሉ በእግር ጣቱ ተከተለኝ።

ጋሽ ዘውዴ ከበሩ ፊት ቆሙ፤ እኔና መሠረት ከጎናቸው፣ ሌላው ደረጃው ላይ። አንኳኩ። ዝም። ደገሙ፣ ጠንከር አድርገው። ውስጥ የሚራመድ እግር ሰማን። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

ተስፋዬም ለበር የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ድምፁ ወፈረብኝ፤ እንቅልፍ ነው አልኩ። ጋሽ ዘውዴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዞረው አዩን። ዝም አልን። እንደገና አንኳኩ።

«ማነው? መሣሪያ ይዣለሁ» አለ ድምፁ። ይሄኔ መሠረት ክንዴን ያዘችኝ። የተስፋዬ ድምፅ አለመሆኑን ሁለታችንም እኩል አወቅን። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም በሩ ከውስጥ ፈነዳ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የጥይት ድምፅ ከደረጃ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ጆሮን ቆርጦ የሚጥል ነገር ነው። የበሩ ስንጥር ፊቴ ላይ ተሰካ። ጋሽ ዘውዴ ወደኋላ ተወርውረው ከብረቱ መደገፊያ ጋር ተጋጩና በቁማቸው ተንሸራተቱ። ደገመ፣ ደጋገመ። ደረጃው ላይ ያሉት አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቁ ወረዱ፤ እትዬ ብርቅነሽ ከነዳቦአቸው ተንከባለሉ፣ የክንዳቸው አጥንት ሲሰበር ሰማሁት። አብሮን የመጣ አንድ ልጅ «ኦ ማይ ጋድ» እያለ በአራት እግሩ ይድሃል። የጋሽ ዘውዴ ነጭ ጋቢ ከጭናቸው በኩል ቀልቶ፣ ደሙ በሲሚንቶው ላይ ወደ እኔ ጫማ መጣ።

መሠረት ሸሸች? አልሸሸችም። ጥይቱ ሳያቆም ተንበርክካ ጭናቸውን በሁለት እጇ ተጫነችው።

በሩ ተከፈተ። በቁምጣ ያለ ትልቅ ሰውዬ፣ ባዶ ደረቱን፣ ሽጉጡን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ዓይኑ የሚያይ አይመስልም። የሽጉጡ አፍ ሚስቴ ራስ ላይ አረፈ። እሷ ቀና ብላም አላየችው።

ፔርሙዙ እጄ ላይ ነበር። የእጁ አንጓ ላይ ስመታው ሽጉጡ ወደቀ። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አላቆምኩም። አፉን መታሁት፣ ደገምኩት፣ የፔርሙዙ ክዳን ተነቅሎ ትኩሱ ሻይ ፊቱ ላይ ሲፈስ ጮኸ፤ ሲጮኽ ጭራሽ ደስ አለኝ። ወደቀ፣ ደረቱ ላይ ተቀመጥኩበት። ጉንጩ ስር ያለው አጥንት ሲሰበር መዳፌ ላይ ተሰማኝ። አልዋሻችሁም፣ ልገድለው ነበር የፈለግኩት። ቆሜ የማስብበት ነገር አልነበረም፤ እጄ ወርዶ ሲነሳ፣ ወርዶ ሲነሳ እሱን ብቻ ነበር የማየው።

«ግርማ» አለች መሠረት ከኋላዬ። አልጮኸችም፤ ሆስፒታል ውስጥ የምትናገርበት ድምፅ ነው። «ቀበቶህን ስጠኝ። ጋሽ ዘውዴ እያለፉ ነው።»

ያ ድምፅ ነው እጄን አየር ላይ ያስቀረው። ቀበቶዬን ፈትቼ ሰጠኋት። ከጭናቸው በላይ አስራ፣ «ሳብ፣ አትራራ» አለችኝ። እግሬን ወገባቸው ላይ ተክዬ ሳብኩት። ሽማግሌው ሲያቃስቱ ሰማሁ፣ ደሙ ቀነሰ። አንዱ ከታች አምቡላንስ እየጠራ ነው። ሰውዬው በሩን ተደግፎ ተቀምጦ ደም ይተፋል፤ ከተሰበረው አፉ እያልጎመጎመ አንድ ነገር ይደጋግማል። ቆይቼ ነው የገባኝ።

«ለምን አልመለሳችሁልኝም?» ነበር የሚለው። «ማነው ብያችሁ ነበር እኮ።»

በዚህ መሃል ከሌላኛው ደረጃ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሰው መጣ። ተስፋዬ ነው። የቤዝቦል ዱላ ይዟል። ጎረቤቱ ላይ ሌባ የገባ መስሎት ሊያግዝ ነው የመጣው፤ ተኩስ ሰምቶ ወደ ተኩሱ የሚሮጥ ሰው እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። እኔን ሲያይ ቆመ።

«ግርማ? እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

መጀመሪያ ደሙን አየ፣ ጋሽ ዘውዴን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሌላውን ማየት ጀመረ። የመሠረትን ጥቁር ቀሚስ። ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ የተዘቀዘቀ ነጠላ። ደረጃው ላይ የተፈረፈረ ድፎ ዳቦ። ዱላው ከእጁ ወጥቶ ደረጃ በደረጃ እየነጠረ ወረደ፣ እኛ እሱን ስንሰማ ቆምን።

መናገር የእኔ ተራ ነበር። የተናገሩት ግን ጋሽ ዘውዴ ናቸው። መሬት ላይ ተጋድመው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«ተስፋዬ፣ ልጄ። አባትህ አርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ተስፋዬ እንደቆመ ፈረሰ። እጃችን ላይ እንዲወድቅ ነበር የመጣነው፤ የማናችንም እጅ ግን ነፃ አልነበረም። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ «አባዬ» እያለ ጮኸ።

ፖሊሶቹ የደረሱት በዚያ ጩኸት ላይ ነው። ምን ይመስላቸው? ወለሉ ደም፣ ፊቱ የተሰባበረ ሰው፣ ሽጉጥ፣ ዱላ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው፣ ኡኡታ። መሣሪያ ደግነው በሆዳችን አስተኙን፣ እጃችንን ወደኋላ አሰሩ። መሠረትን ብቻ ከቁስሉ ላይ ማንሳት ፈርተው ተዉዋት። የተስፋዬንም እጅ አሰሩት። ጉንጩ ከሲሚንቶ ጋር ተጣብቆ፣ ደረቱን እንዳይመታ፣ ፊቱን እንዳይነጭ እጁ ታስሮ አባቱን ያለቅሳል። ፊት ለፊቴ ነበር። ካየሁት ሁሉ ያ ነው ያልለቀቀኝ።

ጋሽ ዘውዴ ተረፉ። ሐኪሞቹ ቀበቶው ባይኖር ኖሮ አይተርፉም ነበር አሉ። በኋላ እንዴት እንደተናገሩ ስጠይቃቸው፣ «የምሞት መስሎኝ ነው፤ ለእናንተ ብተወው ዙሪያ ጥምጥም ታበዙበታላችሁ» አሉኝ። ሰውዬውን ፖሊስ አልከሰሰውም፣ እኔንም አልከሰሰኝም። ከዚያ በፊት ሴት ልጁ ቤት ውስጥ ተኝታ ሳለ ሰዎች እንዲሁ በሩን ደብድበው ገብተውበት ነበር፤ እነሱም «ማነው» ሲላቸው ዝም ብለው። ይሄን ስሰማ ልጠላው ሞከርኩ፣ እንደበፊቱ አልሆነልኝም። ለነገሩ የእሱ ጥርስ የሰነጠቀው የጣቴ አንጓ ገና አልዳነም ነበር።

ሰኞ ጋሽ ዘውዴ የተኙበት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ መሠረት ቡና ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንቅር» አለችኝ። «ማለቴ፣ የዛን ቀን አንተ ያልከው ገባኝ። እኒህ ሰውዬ እየሞቱ እንኳ ሥራቸውን ጨረሱ። እንዲህ ያለ ሰው ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?»

«እንሂድ» አልኳት እኔ።

አየችኝ። እኔም ራሴን ታዘብኩ። ግን እውነቴን ነበር። ሌሊት ሌሊት የዚያ ሰውዬ አጥንት መዳፌ ላይ ይሰበራል። የማንም በር ሲንኳኳ ልቤ ይቆማል። ሰው የማያንኳኳበት፣ እኔም የማላንኳኳበት ቦታ ፈለግኩ። ያስጠላኝ የነበረው ያ ዝም ያለ ጋራዥ አሁን ናፈቀኝ። ሥራውን ተቀበለች፣ ሄድን። ሰዉ ሁሉ «መሠረት ጎትታ ወሰደችው» አለ፤ እሷም ደግ ናት፣ አላስተባበለችም።

ኑሮው ክፉ አይደለም። ንፋሱ ጨው ጨው ይላል፣ መኪና ያዝጋል። መንገዳችን ላይ በየጊዜው አዲስ ቤት ይጨመራል፣ ማንም ማንንም አያንኳኳም። እኔም እፎይ ብዬ ኖርኩ። አንዳንዴ ብቻ ማታ በሩን ስቆልፍ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ስታርፍ በስልክ ነው የምሰማው፣ የመረጥኩት እሱን ነው እል ነበር።

እናንተም እንደ እኔ ልሂድ ልቅር እያላችሁ የምታመነቱ ከሆነ፣ ሂዱም ቅሩም አልላችሁም። ቤቱን አይታችኋል፣ ትምህርት ቤቱን አይታችኋል። እኔ ሰው የሚኖረው በጉርብትና ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እያልን አይደል ያደግነው? ለበርና ለመንገድ ነበር የተጨነቅኩት። ሰው ግን መንገድ ሲረዝም ቀድሞ ይነሳል እንጂ አይቀርም። ይሄን ያወቅኩት በቅርቡ፣ አንድ እሑድ ንጋት ላይ ነው።

ስልኬ ጮኸ። ተስፋዬ ነው። በዚያ ሰዓት ስሙን ሳይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ዞር ስል መሠረት አልጋው ላይ የለችም። በሩ ስር ብርሃን ይታያል፤ ስከፍተው ለብሳለች፣ ሳሎን ቆማለች፣ ዓይኗ አብጧል። ለካ ሁለት ቀን አብራኝ ስትስቅ የከረመችው መርዶውን ይዛ ነው።

«ግርማ፣ እኔ ነኝ፣ ተስፋዬ» አለኝ። ከዚያ የደረጃው ተኩስ ወዲህ ደንቡ እንደተለወጠ አላውቅም ነበር። አሁን ሳይደውሉና ስማቸውን ሳይናገሩ የማንንም በር አይነኩም። «ጋሽ ዘውዴ አሉ። እትዬ ብርቅነሽም አሉ። ሁላችንም አለን። በርህ ላይ ነን።»

ሌሊቱን ሙሉ ነድተው ነው። ሄጄ የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጥ አደረግኩ። መኪኖቹ መንገዱ ላይ፣ መብራታቸው በርቶ፣ በግልጽ ተደርድረዋል። ሰዎቹን አየኋቸው። ከበሩ ፊት አንድም የቆመ የለም። ግማሹ በዚህ ጎን፣ ግማሹ በዚያ ጎን ግድግዳውን ተጠግተዋል። ጋሽ ዘውዴ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ትከሻቸውን ጡቡ ላይ አሳርፈው ወደ በሩ ያያሉ። ተስፋዬ ሁለት እጁን ባዶ አድርጎ ዘርግቷል።

ማነው ብዬ አልጠየቅኩም። ከፈትኩት።